የዳኛ ኦዴል ፊርማ

ልጄ ሩመይሳ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና "እማ፣ ሁሉንም ዲሊት አድርጊው" አለችኝ። ሁሉንም ስትል ዘጠና አራቱን ቪዲዮ ማለቷ ነው። ለስትዜንሺፕ ኢንተርቪዬ ዘጠኝ ቀን ቀርቶኝ ነበር። እሷ ነርስ ናት፤ ከሥራ መግባቷ ስለነበር ዩኒፎርሟን እንኳ አላወለቀችም። እኔ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። ሻዬን ጨርሼ፣ ብርጭቆዬን አጥቤ፣ "አላደርገውም" አልኳት።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ የኛ ሰው ሱቅና ምግብ ቤት ባለበት መንገድ፣ ፌርፋክስ ላይ ስለኔ ብዙ ተወርቷል፣ ግማሹ ደግሞ ልክ አይደለም።

ኢሕሳን እባላለሁ። ወንድይራድ የሚባል ሰው ሱቅ ውስጥ ነው የምሠራው። በርበሬ በሉ፣ ሽሮ በሉ፣ ነጠላ በሉ፣ የስልክ ቻርጀር በሉ፣ የሌለ ነገር የለም። ሐሙስ ሐሙስ በምሳ እረፍቴ ከሱቁ ጀርባ ፓርክ ያደረግኳት መኪናዬ ውስጥ እገባና ቲክቶክ ላይ ላይቭ እከፍታለሁ። አንድ የአሜሪካ ድራማ በአማርኛ እተርካለሁ። ፊቴን አላሳይም። የድራማውን የዲቪዲ ሳጥን ዳሽቦርዱ ላይ አቆምና ካሜራውን ወደ እሱ አዞራለሁ፤ ሰው የሚያየው ሳጥኑን፣ የሚሰማው የኔን ድምፅ ነው። ስሜንም አልናገርም ነበር። "የሐሙሷ ሴትዮ" ይሉኛል።

ድራማው "ሃርገን ካውንቲ" ይባላል። አሮጌ ነው፣ ስምንት ሲዝን አለው። እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዌስትውድ አንዲት አሮጊት ስንከባከብ፣ ከሰዓት በኋላ አብረን የምናየው እሱን ነበር። እንግሊዝኛ ያወቅኩት ከዚያ ነው። ሴትዮዋ ስትሞት ልጆቿ ዕቃዋን ሲጥሉ "ምን ትፈልጊያለሽ?" አሉኝ፤ ሌላውን ትቼ የድራማውን ሳጥኖች ወሰድኩ። ታሪኩ የአንዲት ትንሽ ከተማ ፍርድ ቤት ነው። ዳኛዋ ኦዴል ትባላለች፤ ጸጉሯ የሸበተ፣ እግሯን ስለሚያማት ጫማዋን ጠረጴዛው ሥር አውልቃ የምትፈርድ ሴት። ሸሪፉ ብራንት ይባላል፤ ስምንት ሲዝን ሙሉ ይጠላታል።

ድራማውን ብቻ ብተርክ ማንም ነገሬ አይለኝም ነበር። ግን አፌ አያርፍም። ሲዝን ሁለት ላይ የስቴቱ ገዢ ዳኛዋን እራት ይጋብዛትና "አንቺ የኛ ሰው ነሽ አይደል?" ይላታል። እሷ ዳቦዋን ቅቤ እየቀባች "እኔ እግሬን የሚያመኝ ሰው ነኝ" ብላው ትነሳለች። እዚህ ጋ ትረካውን አቆምኩና፣ ዛሬ ዋሽንግተን ላይ ስንቱ ነው እንዲህ ብሎ የሚነሳው አልኩ። ፕሬዚዳንቱ ሲቆጣ ሁሉም ሳህኑን እያየ ነው የሚበላው አልኩ። ደሜ ከፈላ አልመለስም። ሰመር ላይ ፊታቸውን የሸፈኑ የኢሚግሬሽን ሰዎች ታርጋ በሌለው መኪና ሰው ማፈስ ሲጀምሩ ፌርፋክስ ጭር ብሎ ነበር፤ ምግብ ቤቱ ወንበሩን ገልብጦ፣ ሰው መድኃኒት ለመግዛት ልጁን እየላከ። ያን ሳምንት ላይቭ ላይ ያልኩትን እስከዛሬ ሰው ይደግመዋል። "ሸሪፍ ብራንት ክፉ ነው፣ ግን ደረቱ ላይ ስሙ ተጽፏል። ክፋቱን በስሙ ነው የሚሠራው። እነዚህ ግን የማን ልጆች ናቸው? እናታቸውስ ታውቃቸዋለች?" አልኩ።

ዳኛ ኦዴልንም ቢሆን አልምራትም። ፍትሕ አንድ ክፍል በሚፈጀው አርባ ሁለት ደቂቃ ይገኛል ብላ ስንቱን አሞኝታለች። በስምንት ሲዝን ውስጥ እኛን የሚመስል አንድ ሰው አለ፤ ታክሲ ነጂ ነው፣ "አሥራ ሁለት ዶላር" ይልና ይሄዳል። ስለ እሱ አንድ ሙሉ ሐሙስ አውርቻለሁ። ከየት መጣ፣ ማታ ምን ይበላል፣ ወረቀቱስ አለቀለት ወይ ብዬ። ኤርፖርት ተራ የሚጠብቁት ሾፌሮች በጣም የወደዱት እሱን ነበር።

ጉዱ የመጣው በሲዝን ሦስት ነው። የብራንት ሰዎች በማለዳ የአንድ ገበሬን በር ያንኳኳሉ፤ ወረቀት ይዘዋል፣ ወረቀቱን ግን ራሱ ብራንት ነው የፈረመው። ዳኛዋ ችሎት ላይ ታስቀርበውና "የዳኛ ፊርማ የሌለው ወረቀት ይዘህ የሰው ቤት አትገባም። በሩን ያልከፈተ ሰው አላጠፋም" ትለዋለች። ከዚያ ሁለት ሌሊት እስር ቤት ታሳድረዋለች። እኔ ይህን ስተርክ እንደ ሁልጊዜዬ "አለችው፣ አላት" እያልኩ ነው፣ ድራማ ነው አልልም። ሰው ደግሞ ላይቭ መሀሉ ላይ ነው የሚገባው፤ መንገደኛ ሲደርስለት ስልኩን ዘግቶ ይሄዳል። ቅዳሜ ወንድይራድ ሱቅ ውስጥ ካርቶን እየከፈተ "እትዬ ኢሕሳን፣ ሰማሽ?" አለኝ።

"ምኑን?"

"ኦዴል የምትባል ዳኛ፣ የኔ ፊርማ የሌለው ወረቀት ይዞ ቤት የገባ ይታሰራል ብላ ፈረደች። እንዲያውም አንዱን አስራዋለች።"

"ማን ነገረህ?"

"ሆሊውድ ፓርኪንግ የሚሠሩት ልጆች ሁሉ ያወራሉ። ዜና ነው እኮ።"

እኛ ወሬ ከታማኝ ሰው አፍ ከሰማን ከየት አመጣኸው ብለን አንጠይቅም፤ እንዲህ ነው የምንሠራው። ያኔውኑ "ድራማ ነው" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ሳቄ መጣ፣ እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ ደስም አለኝ። የኔ ወሬ ሆሊውድ ደርሶ ዜና ሆኖ ተመለሰ ብዬ ኮራሁ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው፤ አልደብቀውም።

በሳምንቱ፣ ሰኞ ዕለት፣ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ሱቅ ገቡ። ቆባቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። "ጥሩ የተባለውን ነጠላ አሳዪኝ" አሉኝ።

"ለማን ነው? ለባለቤትዎ?"

"ለአንዲት ዳኛ።"

ያነሳሁትን ነጠላ መልሼ አስቀመጥኩ። ሰውየውም ነጠላውን ትተው ፊቴን ማየት ጀመሩ፤ ድምፄን አውቀውታል። "አንቺ ነሽ እንዴ የሐሙሷ?" አሉኝ። ከዚያ ካርቶን ላይ ቁጭ ብለው ነገሩኝ። ጋሽ ስዩም ይባላሉ። ታክሲ ይነዳሉ፣ ኢንግልዉድ ብቻቸውን ይኖራሉ፣ የጥገኝነት ጉዳያቸው ውሳኔ ሳያገኝ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ባለፈው ረቡዕ ጠዋት ጫማቸውን እያሰሩ በራቸው ተንኳኳ። አራት ናቸው፤ ሦስቱ ፊታቸውን ሸፍነዋል። በመስኮት ወረቀት አሳዩዋቸው።

"ወረቀቱን አይቼ አለቀልኝ አልኩ" አሉ ጋሽ ስዩም። "ልከፍት እጄን ዘርግቼ ነበር። ያንቺ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ መጣ። 'ዳኛ ኦዴል ፈርማበታለች ወይ?' አልኳቸው በእንግሊዝኛ። 'ማን?' አሉኝ። 'ዳኛ ኦዴል። የሷ ፊርማ ከሌለበት አልከፍትም' አልኩ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ ራቅ ብሎ ስልክ ደወለ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆመው ቆመው ሄዱ። ሶ፣ ይችን ሴትዮ አመስግኜ ልሙት ብዬ ነው። ቢሮዋ የት ነው?"

ምን ልበላቸው? በመጨረሻ እውነቱን ተናገርኩ። "ጋሽ ስዩም፣ ይቅር ይበሉኝ። ኦዴል የምትባል ዳኛ የለችም። የድራማ ሰው ናት።"

"የድራማ?"

"አዎ።"

ቆባቸውን አገላብጠው አገላብጠው አዩት። "በድራማ ነው እንዴ በሩን የዘጋሁት?" አሉ። ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ፤ ረቡዕ ያልፈሩትን ፍርሃት ሰኞ ሱቄ ውስጥ ፈሩት። አንጀቴን በሉኝ። ወንድይራድን ሱቁን ጠብቅ ብዬ እዚያው መንገዱ ላይ ቢሮ ያለው ጠበቃ ጋ ይዣቸው ሄድኩ። ጠበቃው ሰምቶን ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን አቆመ። ዳኛ የፈረመው ወረቀት ካላሳዩ በርን አለመክፈት መብት መሆኑን፣ ጋሽ ስዩም የጠየቁት ልክ የሚጠየቀው ጥያቄ መሆኑን ነገራቸው።

ስንወጣ ጋሽ ስዩም "እንግዲያ ሌላ ጊዜ ቢመጡ የማንን ፊርማ ልበል?" አሉኝ።

"ዳኛ ብቻ ይበሉ። ማንኛውም ዳኛ።"

ሱቅ ተመልሰን ነጠላውን ግን ገዙት። "ዳኛዋ ከሌለች ለነገረችኝ ይሁን" ብለው እጄ ላይ ጣሉት። እምቢ ብል ይቀየማሉ፤ ተቀበልኩ።

ወሬው በዚያው ቀን ሩመይሳ ጋ ደረሰ። ማክሰኞ ጠዋት ነው እንግዲህ ያ የነገርኳችሁ የሻይ ጊዜ። ልጄን ሞኝ እንዳትሏት፤ ያለችው ሁሉ ያለ ነገር ነው። ኢሚግሬሽኖቹ ሶሻል ሚዲያ ያያሉ፣ እሺ። መንግሥትን ሰደበች ብሎ አንድ ሰው ሪፖርት ቢያደርግ በቂ ነው፣ እሺ። "ስትዜንሺፑ ቢቀር ይቅር፣ ግሪን ካርድሽን ቢነኩትስ? አባዬ ከሞተ ሁለታችን ብቻ ነን። አንቺን ቢወስዱብኝ እኔ ምን እሆናለሁ?" አለች። ፍርሃቷ የኔም ፍርሃት ነው። ጀግና ነኝ ብዬ አላወራም።

ቢሆንም ሐሙስ ላይቭ ገባሁ። ዘጠና አምስተኛው መሆኑ ነው። ስንት ሰው እንደ ጋሽ ስዩም አምኖ ይሆናል ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። "ስሙኝ" አልኩ፣ "ዳኛ ኦዴል የለችም። ተዋናይ ናት፣ አትፈልጓት። ሕጉ ግን አለ፤ ሰምቼ አይደለም፣ ጠበቃ ጋ ሄጄ ጠይቄ ነው።" ከዚያ ጠበቃው ያለውን ቃል በቃል ተናገርኩ። አፌን ላለመክፈት ወስኜ ነበር፣ ግን ሊያልቅ ሲል አልቻልኩም። "ሀገር የሚያስተዳድር ሰው፣ ጫማውን የሚያስር ሽማግሌ በር ላይ ሰው የሚልከው፣ ምን ያህል ቢፈራን ነው?" አልኩና ዘጋሁ።

ሩመይሳ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ምግብ ትሠራለች፣ ታቀርባለች፣ አትናገርም። እሑድ ከሰዓት ስልኬን አንስታ አጠገቤ ተቀመጠች። "ኦኬ፣ ዲሊት አናድርገው። ሃይድ ላድርገው፣ አሥር ቀን ብቻ። ማንም አያውቅም" አለች። ጣቷ ቁልፉ ላይ ነው። ዓይኗ አብጧል። ያን ስመለከት፣ ወላሂ፣ እሺ ልላት ነበር።

እሺ ከማለት ይልቅ ወንድሜን ነገርኳት። ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ደሴ ነው፣ ሰባ ዓመተ ምሕረት። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ወንድሜ ኢስሃቅ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበር። ጎረቤት ሁለት ልጆች ሲወሰዱ አባታችን ጓሮ እሳት አነደደና "የሱ ጽሕፈት ያለበት አንዲት ወረቀት ቤት ውስጥ እንዳትቀር" አለ። ከክፍሉ ወደ እሳቱ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ትንሽ ስለሆንኩ ጎረቤት አይጠረጥርም ተብሎ። ደብተሮቹን፣ ደብዳቤዎቹን፣ ከጓደኞቹ ጋር የተነሳውን ፎቶ። የአንዱ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ለኔ የሳለልኝ አውቶቡስ ነበረ፤ ሾፌሯ እኔ ነኝ፣ ከሥሩ ስሜን ጽፎበታል። እሱን ልቅደደው ብዬ አባቴን ለመንኩት። "ሁሉንም" አለ። እኔው ጣልኩት።

በአራተኛው ቀን መጡ። ቤቱን በረበሩ፣ ምንም አላገኙም፣ ኢስሃቅን ይዘውት ሄዱ። ምንም አለማግኘታቸው ምንም አልጠቀመንም። አስከሬኑ አልተሰጠንም። እናቴ እስክትሞት ድረስ የሱን የእጅ ጽሕፈት ስትፈልግ ኖረች፤ ቁም ሣጥን ሥር፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋ፣ የቆጥ ላይ ካርቶን ውስጥ። አንዲት መስመር አልተገኘችም።

"የወሰዱት እነሱ ናቸው" አልኳት ልጄን። "ያቃጠልነው ግን እኛ ነን። እነሱ እንኳ ያላሉንን። እኔ በእጄ።"

ሩመይሳ "አጎት እንደነበረኝ እንኳ አልነገርሽኝም" አለች።

"ምን ይዤ ልንገርሽ?" አልኳት። "ፎቶውን ብትዪኝ የለኝም።"

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ተስማማሁ አላለችም። ብቻ ሐሙስ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ፣ እኔ ነኝ ድራይቭ የማደርግሽ አለች።

ሐሙስ ጠዋት የጋሽ ስዩምን ነጠላ ተከናንቤ ገባሁ። ኢንተርቪው ያደረገኝ ሰው ወጣት ነው፣ ከልጄ ብዙም አይበልጥም፤ ክራባቱ ጠማማ ነበር። የሲቪክስ ጥያቄውን አንድ በአንድ መለስኩ። "የሕግ የበላይነት ምንድን ነው?" ሲለኝ "ማንም ሰው ከሕግ በላይ አይደለም ማለት ነው" አልኩ። እዚያ ላይ ቢበቃኝ ምን ነበረበት? "ፕሬዚዳንቱም" ብዬ ጨመርኩበት። ቀና ብሎ አየኝና ጻፈ።

ትንሽ ቆይቶ "ሶሻል ሚዲያ ላይ አለሽ?" አለኝ። የለኝም ማለት ቀላል ነበር፤ ፊቴ የለ፣ ስሜ የለ፣ አንድ ሳጥን ነው። "አለኝ" አልኩና የአካውንቱን ስም ነገርኩት። ፊደል በፊደል አስጻፍኩት።

"ስለ ምንድን ነው የምታወሪው?"

"ስለ አንድ ድራማ። ስለ መንግሥታችሁም አወራለሁ።" ትንሽ አሰብኩና አረምኩት። "ስለ መንግሥታችን።"

ብዙ ነገር ጻፈ። ከዚያ ወረቀት ሰጠኝ፤ ዛሬ ውሳኔ መስጠት አልችልም፣ በፖስታ ይደርስሻል የሚል። በመልካም ይሁን በክፉ ከፊቱ ማወቅ አልቻልኩም።

ሩመይሳ ወረቀቱን መኪና ውስጥ ሦስት ጊዜ አነበበችው። አላለቀሰችም። "አሁን የት ልውሰድሽ?" አለችኝ።

"ዛሬ ሐሙስ አይደለም እንዴ?"

ከሱቁ ጀርባ፣ የወትሮው ቦታዬ ላይ ፓርክ አደረገች። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ሳጥን አንስቼ ኋላ ወንበር ወረወርኩት። ስልኩን ለልጄ ሰጠኋትና ነጠላዬን አስተካከልኩ።

"ፊትሽን?" አለች።

"ፊቴን። እኔ ምን ሰርቄ ነው የምሸፈነው?"

ላይቭ ከፈተች። ሰው መግባት ሲጀምር ጉሮሮዬን ጠረግሁ። "ኢሕሳን ይማም እባላለሁ" አልኩ። "እዚሁ ፌርፋክስ ነው የምሠራው፣ የፈለገኝ ሱቅ ያገኘኛል። የኢስሃቅ ይማም እህት ነኝ። ኢስሃቅ ደሴ ተወልዶ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል እያለ ተወስዶ የቀረ ልጅ ነው። አውቶቡስ መሣል ይችል ነበር።" ስሙን በሰው ሁሉ ፊት ስናገር ከአርባ ስምንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዬ ነው። ልጄ ስልኩን አላወረደችውም። ጋሽ ስዩም ከኤርፖርት ሆነው "ነጠላው አምሮብሻል" ብለው ጻፉ። እኔም ወደ ድራማው ገባሁ፤ ብራንት ሁለት ሌሊቱን ጨርሶ ሊፈታ ነው፣ ዳኛዋ ጫማዋን ፍለጋ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላለች።

ሲያልቅ ስልኩ እንደ ልማዱ ጠየቀ፤ ይቀመጥ ወይስ ይጥፋ ብሎ። እጄን ከመዘርጋቴ በፊት ሩመይሳ ይቀመጥ የሚለውን ነካችው።

"ዘጠና ስድስት" አለች።